ልጆቹ የማን ናቸው? በህዳሴ ዘመን ንድፎች ላይ ስለምትታየው የብዙ ልጆች አቃፊ

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ራፋኤል በብዕር የነደፋት አንዲት ሴት አየሁ። ልጆች ከየአቅጣጫው ተንጠላጥለውባታል። መጀመሪያ እመቤታችን ማርያም መስላኝ ነበር፤ ግን ልጆቹ በዙብኝ። ከሥሩ ያለው ማብራሪያ ደግሞ ካሪታስ ይላታል። ይህች ሴት ማን ናት? ልጆቹስ የማን ናቸው? ሠዓሊው እውነተኛ እናት ፊቱ አስቀምጦ ነው የሠራው?»

ሦስቱም ጥሩ ጥያቄዎች ናቸው። ለእኔ ግን ዋናው ሁለተኛው ነው። እሱ ከተመለሰ ሌሎቹ ይከተላሉ።

ሴትየዋ ማርያም አይደለችም። በአንድ ዘመን የኖረች ሌላ ሴትም አይደለችም። ፍቅር ናት፤ በሰው አምሳል የተሣለች ፍቅር። ሐዋርያው ጳውሎስ በመጀመሪያው የቆሮንቶስ መልእክቱ ምዕራፍ 13 ላይ እምነት፣ ተስፋና ፍቅር ጸንተው እንደሚኖሩ፣ ከሦስቱም ፍቅር እንደሚበልጥ ጽፏል። የጣሊያን ሠዓሊዎች እነዚህን ሦስቱን በሦስት ሴቶች አካል ይሥሏቸው ነበር። ተስፋ ብዙ ጊዜ ወደ ሰማይ ታያለች። እምነት ጽዋ ወይም መስቀል ትይዛለች። ፍቅር፣ ማለትም ካሪታስ፣ ልጆች ታጠባለች።

ልጆቹ ግን የወለደቻቸው አይደሉም። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። የራስን ልጅ መውደድ ተፈጥሮ ነው፤ እንስሳም ያደርገዋል። ለዚያ ዘመን ሰዎች ምግባር ተብሎ የሚቆጠረው የሌላውን ልጅ እንደ ራስ አድርጎ መያዝ ነበር። ለዚህ ነው ልጆቹ የሚበዙት። አንድ ልጅ ብቻ ብትይዝ እናት ትሆናለች። አራት አምስት ሆነው ሲሻሙባት ግን የማንም ልጅ ሊሆኑ ይችላሉ። በአገራችን የጡት ልጅ የሚባለውን ወግ የሚያውቅ ሰው ሐሳቡ አይከብደውም። ዝምድና ከደም ብቻ አይደለም፤ ከጡትም ይመጣል።

አሁን ወዳዩት ንድፍ እንምጣ። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ።) ከገለጻዎ እንደምረዳው ቪየና በሚገኘው አልበርቲና ሙዚየም ያለው የብዕር ንድፍ ሳይሆን አይቀርም። ራፋኤል ይህን የሠራው በ1507 ለጨረሰው ትልቅ የመሠዊያ ሥዕል ሲዘጋጅ ነው። የዚያ ሥዕል ታሪክ ራሱ የእናት ታሪክ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

ፔሩጃ የምትባል የጣሊያን ከተማ ውስጥ ባሊዮኒ የሚባሉ ኃይለኛ ቤተሰቦች ነበሩ። በሐምሌ 1500 ከቤተሰቡ አንዱ የሆነው ወጣት ግሪፎኔቶ ከሌሎች ጋር አድሞ የገዛ ዘመዶቹን በሌሊት አስገደለ። እናቱ አታላንታ ይህን ስትሰማ ረገመችው፤ ከቤቷም አላስገባችውም። ከእልቂቱ ያመለጡት ዘመዶች ወዲያው ተመልሰው መጡና እሱንም መንገድ ላይ ገደሉት። የከተማዋ ዜና መዋዕል ጸሐፊ እንደሚተርከው፣ አታላንታ ልጇ ነፍሱ ሳትወጣ ደረሰችለት። ገዳዮቹን ይቅር እንዲላቸውም ለመነችው።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ይህችው እናት ለፔሩጃው ቅዱስ ፍራንቸስኮ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል አዘዘች። የታዘዘው ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ የነበረው ራፋኤል ነው። የተሣለው ክርስቶስ ከመስቀል ወርዶ ወደ መቃብር ሲወሰድ ነው። በቀኝ በኩል ማርያም ራሷን ስታ በሴቶች እጅ ላይ ወድቃለች። ልጇ የተገደለባት እናት ያዘዘችው ሥዕል መሆኑን እያሰቡ ያንን ጥግ ይመልከቱት።

ለዚህ ሥራ የተሠሩ ብዙ ንድፎች ቀርተውልናል። እኔን ሁሌም የሚያስቆመኝ በብሪቲሽ ሙዚየም ያለው ነው። ራፋኤል ራሷን የሳተችውን ማርያምን እዚያ የነደፋት በአጽም ነው። ሥጋና ልብስ ከማልበሱ በፊት አጥንቷን ሠራ። ጉልበት ሲከዳ አከርካሪው በየት በኩል ይታጠፋል? ጭንቅላት ወዴት ያዘነብላል? ይህን ማወቅ ፈልጓል። ሐዘንን በፊት ገጽታ ብቻ ለመግለጽ አልቸኮለም። አካል በሐዘን እንዴት እንደሚፈርስ መረዳት ነበረበት።

ከዋናው ሥዕል ሥር ደግሞ እንደ መደገፊያ የሚቀመጥ ጠባብ ሳንቃ ነበር። እዚያ ላይ ሦስቱን ምግባራት ሣላቸው፤ ቅርጻ ቅርጽ እንዲመስሉም ቀለማቸውን ግራጫ አደረገው። ፍቅርን መሃል አስቀመጣት። በአንድ ጎኗ ያለው ሕፃን የሚነድ ምድጃ የመሰለ ዕቃ ተሸክሟል። በሌላው ጎን ያለው ሳንቲም ያፈስሳል። እሳቱ የእግዚአብሔር ፍቅር ነው፤ ሳንቲሙ ለሰው የሚሰጥ ምጽዋት። መሃል ላይ ልጆቹ እሷ ላይ ተደራርበዋል። ያዩት ንድፍ ለዚህች ሴት የተዘጋጀ ነው።

እንግዲህ በአንድ ትእዛዝ ውስጥ ሦስት እናቶች ተገናኙ። አንዷ ገንዘቡን የከፈለችው፣ ልጇን የቀበረችው አታላንታ ናት። ሁለተኛዋ ከላይ ራሷን የሳተችው ማርያም ናት። ሦስተኛዋ ከታች ማንንም ሳትወልድ ሁሉን የምታጠባው ፍቅር ናት። አታላንታ በዚያ ደም መፋሰስ ልጇን ብቻ አይደለም ያጣችው፤ ልጇ የገደላቸውም የራሷ ቤተ ዘመዶች ነበሩ። የሁሉ እናት የሆነች ሴት በሥዕሉ መሠረት ላይ መቀመጧ ለእኔ የይቅርታው ቀጣይ ነው። ሰነድ ጠቅሼ የምናገረው አይደለም፤ የራሴ ንባብ ነው። ዛሬ ሥዕሉና ሥሩ ተለያይተዋል። ዋናው ሮም በቦርጌዜ ማዕከለ ሥዕል ይገኛል። ፍቅርና ሁለቱ ጓደኞቿ ቫቲካን ናቸው።

ፍቅር ግን ከመጀመሪያው እናት አልነበረችም። ጆቶ በ1305 አካባቢ ፓዱዋ ከተማ በስክሮቬኚ ጸሎት ቤት ግድግዳ ላይ የሣላት ካሪታስ አንድም ልጅ የላትም። የፍራፍሬ ዕቃ ይዛለች፤ ልቧን ወደ ሰማይ ታቀርባለች፤ የገንዘብ ከረጢቶች ላይ ቆማለች። ፊት ለፊቷ ካለው ግድግዳ ላይ ምቀኝነት አለች፤ ከአፏ የወጣ እባብ ተመልሶ ዓይኗን ይነድፋል። ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ሰው ግን ቆሞ የሚያስታውሰው እባቡን ነው። ለጋስነትን በፍራፍሬ ማሳየት ቀዝቀዝ ያለ ነገር ነበር።

ከ20 ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ቲኖ ዲ ካማይኖ የተባለ የሲዬና ቀራጭ ሌላ መፍትሔ ይዞ መጣ። ዛሬ በፍሎረንስ ባርዲኒ ሙዚየም ያለችው የእብነ በረድ ካሪታስ ግዙፍ ሴት ናት። ሁለት ሕፃናት በአንድ ጊዜ ታጠባለች። በዚያው ዘመን በዚያው አካባቢ የምታጠባ ማርያም ምስልም እየተስፋፋ ነበር፤ የሲዬናው አምብሮጆ ሎሬንዜቲ የሣላት በጣም የታወቀች ናት። ሁለቱ ምስሎች አብረው አደጉ ማለት ይቻላል። አንዷ ከሌላዋ አቀማመጥ ትወስዳለች፣ የእጅ አያያዝ ትወስዳለች፣ የአንገት ማዘንበል ትወስዳለች። እርስዎ ማርያም ናት ብለው ቢያስቡ የሚገርም አይደለም።

የእኛ ሰው ደግሞ ዓይኑ በምስለ ፍቁር ወልዳ ያደገ ነው። ሕፃን የታቀፈች ሴት ካየ እመቤታችን ናት ይላል፤ ልክም ነው። ከቬኒስ መጥቶ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያና በ16ኛው መጀመሪያ ኢትዮጵያ ውስጥ የሠራው ኒኮሎ ብራንካሌዮን እንኳ የጣሊያንን የማርያም አሣሣል ይዞ መጥቷል። ካሪታስ ግን በአብያተ ክርስቲያኖቻችን ግድግዳ ላይ የተለመደች አይደለችም። እኛ ጋ ይህ ምስል አንድ ትርጉም ብቻ ነው ያለው፤ ጣሊያን ውስጥ ግን ቢያንስ ሁለት ነበረው።

ልጆቹ የማን ናቸው ወደሚለው ልመለስ። ከሁሉ የበለጠ መልስ የማገኝበት ወረቀት፣ እንዲያውም ብራና፣ የያኮፖ ዴላ ኩዌርቻ ነው። በ1408 መጨረሻና በ1409 መጀመሪያ የሲዬና ከተማ በዋናው አደባባይ ለሚሠራ የውኃ ምንጭ አሠማራችው። ፎንቴ ጋያ ይባላል። ያኮፖ የሚሠራውን በቀለም ነድፎ አቀረበ፤ ንድፉም የስምምነቱ አካል ሆነ። በምንጩ ዳር ልጆች የያዙ ሁለት ቋሚ ሴቶች አሉ። ብዙ ሊቃውንት አንዷን ሬያ ሲልቪያ፣ ሌላዋን አካ ላሬንቲያ ይሏቸዋል። የትኛዋ የትኛዋ እንደሆነች አሁንም ይከራከራሉ።

እነዚህ ሴቶች እነማን ናቸው? በጥንቱ የሮም አፈ ታሪክ ሬያ ሲልቪያ ሮሙለስንና ሬመስን የወለደች ናት። መንትዮቹ ወንዝ ላይ ከተጣሉ በኋላ የእረኛው ሚስት አካ ላሬንቲያ አሳደገቻቸው። ሲዬናዎች ከተማችንን የቆረቆሩት የሬመስ ልጆች ናቸው ይላሉ። ስለዚህ ለውኃ ምንጫቸው ወላጇንም አሳዳጊዋንም እኩል አቆሙ። በቁመትም በክብርም አበላለጧቸው የሚል ምልክት የለም። ከዚያ በላይ ደግሞ እነዚህ ሴቶች እንደ ካሪታስም ይነበባሉ፤ ውኃ ለሕዝቡ ሁሉ በነጻ የሚፈስበት ቦታ ላይ ነው የቆሙት። አንድ ምስል፣ ሁለት ሦስት ትርጉም። ተምሳሌት በዚያ ዘመን እንዲህ ነበር የሚሠራው፤ አንዱ ትርጉም ሌላውን አያባርርም።

የእብነ በረዱ ሥራ ከ1414 እስከ 1419 ቆየ። ዛሬ አደባባዩ ላይ ያለው በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተተካ ቅጂ ነው። የዋናዎቹ ቅሪቶች ሳንታ ማሪያ ዴላ ስካላ ውስጥ ተቀምጠዋል። ይህ ቤት ደግሞ ለዘመናት ሆስፒታል የነበረ፣ ተጥለው የተገኙ ሕፃናትን የሚቀበል ነው። በአንዱ አዳራሹ ግድግዳ ላይ ዶሜኒኮ ዲ ባርቶሎ በ1440ዎቹ መጀመሪያ የሣለው ሥዕል አለ። ሕፃናቱን ሲቀበሏቸው፣ ሲያጠቧቸው፣ ሲያስተምሯቸውና ሲድሯቸው ያሳያል። አጥቢዎቹ እዚያ ተምሳሌት አይደሉም። ደመወዝ የሚከፈላቸው ሴቶች ናቸው።

ይህን ሳይናገሩ ስለ ካሪታስ መናገር ልክ አይመስለኝም። በዚያን ጊዜ ፍሎረንስ ውስጥ አቅም ያለው ቤተሰብ ልጁን ለአጥቢ ይሰጣል። አጥቢዋ ብዙ ጊዜ ገጠር ትኖራለች። ውሉን የሚዋዋሉት የሕፃኑ አባትና የአጥቢዋ ባል ናቸው፤ ሴቶቹ ራሳቸው አይደሉም። ቫዛሪ የሠዓሊዎችን ሕይወት ሲጽፍ ማን በማን ጡት እንዳደገ መናገር አስፈላጊ ሆኖ አግኝቶታል። የራፋኤል አባት ልጁ በእናቱ ጡት እንዲያድግ ፈለገ ይለናል። ማይክል አንጄሎ ግን ሴቲኛኖ መንደር ለምትኖር የድንጋይ ጠራቢ ሚስት ተሰጠ። ማይክል አንጄሎ ራሱ መዶሻና መሮውን ከአጥቢዬ ወተት ጋር ነው የጠጣሁት ይል ነበር ተብሎ ተጽፏል። ወተት ጠባይ ያወርሳል ብለው ያምኑ ነበርና።

በድሃው በኩል ደግሞ የባሰ ነበር። የፍሎረንስ የሐር ባለሙያዎች ማኅበር በ1419 ለተጣሉ ሕፃናት የሚሆን ቤት ማሠራት ጀመረ። የነደፈው ብሩኔሌስኪ ነው። ኦስፔዳሌ ዴሊ ኢኖቼንቲ ይባላል። በየካቲት 5 ቀን 1445 የመጀመሪያዋን ሕፃን ተቀበለ፤ አጋታ ስሜራልዳ ብለው ስም አወጡላት። በ1487 አንድሬያ ዴላ ሮቢያ በሕንፃው ፊት ላይ በጨርቅ የተጠቀለሉ ሕፃናት የሚታዩባቸው ክብ የሸክላ ምስሎች ሠራለት። ሕፃናቱ ብቻ ናቸው ያሉት። የሚታቀፋቸው ሰው የለም። ካሪታስ ሕፃናት ሲሻሙባት የሚያይ የፍሎረንስ ሰው ይህን ሕንፃ በመንገዱ ያልፈዋል። ያቺ ሴት ለእሱ ከመጽሐፍ የመጣች ሐሳብ ብቻ አልነበረችም፤ ከተማዋ የጎደላት ነገር ነበረች። የሚያሳዝነኝ፣ ምስሉ ወተቱን እንደ ነጻ ስጦታ ማሳየቱ ነው። ጡቱ የደሃ ሴት ጉልበት ነበር። ስሟ በውሉ ላይ እንኳ እንደ ተዋዋይ አልገባም።

እንዴት ልለያቸው ለሚለው አጭር መልስ አለ። ማርያም አንድ ልጅ ነው ያላት። ሁለተኛ ልጅ ካለ ብዙ ጊዜ መጥምቁ ዮሐንስ ነው፤ ቀጭን የሸንበቆ መስቀል ወይም የጠጉር ልብስ ይፈልጉ። ሦስትና ከዚያ በላይ ከሆኑ ካሪታስን ይጠርጥሩ። እሳት ካለ አለቀ። ፒዬሮ ዴል ፖላዮሎ በ1469 ለፍሎረንስ የነጋዴዎች ፍርድ ቤት መሣል የጀመራት ካሪታስ በአንድ እጇ ነበልባል ይዛለች፤ በሌላው ልጅ ታጠባለች። ልጁ አንድ ብቻ ነው፤ ነበልባሉ ባይኖር ዙፋን ላይ የተቀመጠች ማርያም ናት። ይህች ሥዕል ዛሬ ፍሎረንስ ኡፊዚ ሙዚየም ናት። ሳንቃው ሲገለበጥ ከጀርባው የዚችው ሴት ንድፍ ይገኛል። ሠዓሊዎቹ ሐሳባቸውን መጀመሪያ በጀርባው ሞክረዋል።

በሕትመት በኩል የ15ኛው ክፍለ ዘመን ጣሊያናዊ ሠዓሊ ማንቴኛ የሚገርም ማስረጃ ትቶልናል። መሬት ላይ ተቀምጣ ልጇን ጉንጯ ላይ ያስጠጋች ሴት በመዳብ ላይ ቀርጿል። የመጀመሪያዎቹ እትሞች ላይ አክሊለ ብርሃን የለም። በኋላ መዳቡ ላይ አክሊሎች ተጨመሩ። መጀመሪያ የደከማት እናት ከነልጇ ነበረች። ሁለት ክብ መስመሮች ሲጨመሩ ጥርጣሬው ቀረ። ሁለቱንም እትም ያየ ሰው ቅድስናው የተጨመረው መስመሩ ሲጨመር እንዳልሆነ ይገባዋል፤ እናትየዋ ከፊቱም እንደዚያው ነበረች።

ለዚህ ነው ንድፍን ከተጨረሰ ሥዕል አብልጬ የምወደው። በተጨረሰው ሥዕል ላይ ሁሉም ተወስኗል። ንድፍ ላይ ግን ሴትየዋ ገና ስም አልወጣላትም። ሊዮናርዶ በወጣትነቱ ድመት የታቀፈ ሕፃንና እናቱን በብዕር ደጋግሞ ነድፏል፤ ብሪቲሽ ሙዚየም ጥሩዎቹ አሉ። ድመቷ ታመልጣለች፣ ሕፃኑ ያንቃታል፣ እናትየዋ ልጁን ትደግፋለች። መስመሩ ላይ መስመር፣ እግሩ ላይ ሌላ እግር። የማርያም ንድፍ ናቸው እንላለን፤ ግን መጀመሪያ የታየው ሕፃን ነው። ሊዮናርዶ ለሠዓሊዎች ትንሽ ደብተር ይዘው እንዲወጡ፣ ሰው ሳያውቅባቸው እንዲነድፉ ይመክር ነበር። እነዚህ ወረቀቶች ያንን ምክር የሚከተሉ ይመስላሉ።

ማይክል አንጄሎ በ1525 አካባቢ የሠራው፣ ፍሎረንስ ካዛ ቡዎናሮቲ ሙዚየም ያለው ወረቀት ሌላ ዓለም ነው። ቁመቱ 54 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ሕፃኑ ጀርባውን ሰጥቶን ይጠባል። ጡንቻው በጥቁርና በቀይ ጠመኔ ተሞልቶ ሥጋ ሆኗል። እናትየዋ ግን ከጥቂት መስመር በላይ አልተሰጣትም። ፊቷም ወደ ልጁ አይደለም፤ ወደ ጎን ሩቅ ታያለች። የሚመጣበትን መከራ እያየች ነው የሚል ማብራሪያ ይሰጣል። ሊሆን ይችላል። እኔ የማየው ግን ክብደቱን ነው። ልጁ ሙሉ ነው፣ እሷ ገና አልሞላችም። ከእሷ ወደ እሱ የሚሄድ ነገር አለ፤ ያ ነገር ሲያልቅ በጠመኔ ይታያል። ማርያም ትባላለች፤ ያለ ርዕስ ቢሰጡኝ ካሪታስ ናት ብልም አላፍርም።

ሦስተኛው ጥያቄዎ፣ እውነተኛ እናት ተቀምጣለት ነወይ የሚለው፣ ብዙ ሰው የማይጠብቀው መልስ አለው። ብዙ ጊዜ አይደለም። በሠዓሊ ቤት ያሉት ተለማማጅ ወጣት ወንዶች ናቸው። ዋጋ ሳይጠይቁ ይቆማሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ይንበረከካሉ። ራፋኤል የማርያምን ዘውድ መቀበል ሊሥል ሲዘጋጅ ሁለት ወጣቶችን አስቀምጦ የነደፈበት ወረቀት ሊል ከተማ አለ፤ ልብሳቸው የሥራ ልብስ ነው። ኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ያለው የማይክል አንጄሎ የሊቢያዋ ነቢይት የቀይ ጠመኔ ንድፍም ከወንድ ጀርባ የተሠራ ነው። የእናት አካል በወንድ አካል ላይ ተጠንቶ፣ ከጥንት ቅርጾች ተቀድቶ፣ ከሌላ ሠዓሊ ተወስዶ ይገጣጠማል። ራፋኤል ፍሎረንስ ሳለ የማይክል አንጄሎን ታዴይ የተባለውን ክብ ቅርጽ ቀድቷል፤ እዚያ ያለውን ሕፃን አጠማዘዝም ለራሱ ማርያሞች ተጠቅሞበታል። በብሪቲሽ ሙዚየም አንድ ወረቀት ላይ እናትና ልጅን እያዟዟረ፣ አንዱን ሳይጨርስ ወደ ሌላው እየዘለለ ሲነድፍ ይታያል። ሕፃናቱ ግን ከሕይወት የታዩ ናቸው። የሕፃን ልጅን ክርን አጣጣፍና የእግር ጣት አነቃነቅ ከድንጋይ መማር አይቻልም።

እናትነት ሁልጊዜ የመልካም ነገር ተምሳሌት ሆኖ አልተሣለም። ሊዮናርዶ ኦክስፎርድ ክራይስት ቸርች ባለ ወረቀት ላይ ምግባርንና ምቀኝነትን አካላቸው አንድ ላይ ተጣብቆ ነድፏል። አጠገቡ በጽሑፍ እንዳሰፈረው፣ ምግባር በተወለደች ቅጽበት በራሷ ላይ ምቀኝነትን ትወልዳለች፤ ጥላ የሌለው አካል ማግኘት ይቀላል ምቀኛ የሌላት ምግባር ከማግኘት። መውለድ እዚህ ላይ መርገም ነው። ማይክል አንጄሎም በ1533 ለወዳጁ ቶማዞ ዴ ካቫሊዬሪ በላከው፣ ዛሬ እንግሊዝ ዊንዘር ቤተ መንግሥት በሚገኘው የቀይ ጠመኔ ንድፍ ላይ ብዙ ሕፃናት ሰክረው ይረብሻሉ። ከታች በግራ ጥግ ያረጀች፣ ከወገቧ በታች ፍየል የሆነች ሴት ሕፃን ታጠባለች። ጡቷ ደርቋል። ካሪታስን የሚያውቅ ተመልካች ወዲያው ይገባዋል፤ የፍቅር ምስል ተገልብጦ ነው የቀረበለት። ሕፃናቱ አሉ፣ አጥቢዋ አለች፣ ነበልባሉ ግን ጠፍቷል።

እንዲያውም ሕፃን የሌለበትም አለ። ጥንታዊው ሮማዊ ጸሐፊ ቫለሪዩስ ማክሲሙስ እስር ቤት በረሃብ እንዲሞቱ የተፈረደባቸውን ወላጆች በጡታቸው ያተረፉ ሁለት ሴቶች ይተርካል፤ አንዷ እናቷን፣ ሌላዋ አባቷን። የ16ኛው ክፍለ ዘመን ጀርመናዊ ቀራጭ ዜባልድ ቤሃም አባቷን የምታጠባዋን በትንንሽ ሕትመቶች አውጥቷታል። በኋላ ዘመን የሮም ፍቅር ተባለ። ለዛሬ ዓይን ይከብዳል፤ ለእነሱ ግን ስለ ወላጅ ውለታ የሚናገር ነበር።

በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ይህ ሁሉ ወደ ደንብ ተቀየረ። ቼዛሬ ሪፓ በ1593 ለሠዓሊዎችና ለገጣሚዎች የተምሳሌት መጽሐፍ አሳተመ፤ በ1603 ደግሞ በሥዕል አስደግፎ አወጣው። ካሪታስ ቀይ ልብስ ትለብሳለች፣ ራሷ ላይ ነበልባል ይነዳል፣ በግራ ክንዷ ያለው ሕፃን ይጠባል፣ ሁለት ሌሎች ይጫወታሉ ብሎ ደነገገ። ልጆቹ ሦስት የሆኑት ያለ ፍቅር እምነትና ተስፋም ዋጋ ስለሌላቸው ነው ይላል። ጠቃሚ መጽሐፍ ነው። ግን ከሪፓ በኋላ የተሠሩ ካሪታሶችን ሳይ ብዙዎቹ የታዘዙትን የፈጸሙ ይመስሉኛል። ከዚያ በፊት የነበሩት ገና እየፈለጓት ነበር።

በመጨረሻ ስለ ማየት። እነዚህ ወረቀቶች ብርሃን ስለሚጎዳቸው አብዛኛውን ጊዜ መጋዘን ውስጥ ናቸው፤ ለጥቂት ወራት ብቻ ይወጣሉ። ጉዞ ካሰቡ አስቀድመው ሙዚየሙን ይጠይቁ። ብሪቲሽ ሙዚየም፣ አልበርቲና፣ ሜትሮፖሊታንና የእንግሊዝ ንጉሣዊ ስብስብ ምስሎቹን በድረ ገጾቻቸው ላይ አስቀምጠዋል፤ በስልክም አጉልቶ ማየት ይቻላል። የያኮፖ ብራና ለሁለት ተከፍሏል። ግራው ክፍል ኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን፣ ቀኙ ለንደን ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ነው፤ መሃሉ የለም። ሁለቱን በአንድ ገጽ ጎን ለጎን ይክፈቷቸውና ሁለቱን ሴቶች ያነጻጽሩ። ወላጇ የትኛዋ፣ አሳዳጊዋ የትኛዋ እንደምትመስልዎ ቢጽፉልኝ ደስ ይለኛል። ከንድፉ የሚነሳ ማንኛውም ክርክር አሁንም ክፍት ነው።